የባሕር በር

ቀለም ያልቆጠረ ሰው ነው ኦድሙንድ፤
ትምህርቱ መፍቻ፣ መምህሩ ሞገድ።
ቫርዶ በምትባል፣ ዛፍ በማይበቅልባት የሰሜን ጫፍ ምድር
አርባ ዓመት ፈታ፣ አርባ ዓመት ገጠመ የጀልባ ሞተር።
አሁን ሰማንያ ሁለት ሞልቶት ጉልበቱ ከድቶታል፤
ማክሰኞ ማክሰኞ እግሩን ላጥብ ስገባ፣ እሱ ቆሞ ይስላል።

ሸራ ገዝቶ አያውቅም።
የቁም ሳጥኑን በር ከማጠፊያው ነቅሎ፣
ከግድግዳ አስደግፎ በዓሣ ሣጥን ላይ ተክሎ፣
ከጀልባ ሆድ የተረፈ ቀለም ይለቀልቅበታል፤
የዝገት መከላከያ ቀይ፣ የመስኮት ነጭ፣ የጣሪያ ጥቁር።
ብሩሹ ሲደርቅበት በጣቱ፣ ጣቱ ሲደነዝዝ በቢላ፤
ሃያ ክረምት ሙሉ ያው አንድ ማዕበል፣
በላዩ ላይ ሌላ፣ በላዩ ላይ ሌላ፣
ባሕሩ ከበሩ ላይ አንድ ጣት ተኩል ወፍሮ እስኪወጣ።

አንድ ቀን ከከተማ ሙዚየም መነጽራም ሰው መጣ፤
ዞረና ዞረና ስህተት ለቀመ፣ ስህተት አወጣ።
«ጀልባው ከላይ ይታያል፣ መርከበኛው ከጎን፤
ማዕበል እንዲህ አይሰበርም፤ ሕግ አለው ውኃ እንኳን።»
ኦድሙንድ ትምባሆውን ከከንፈሩ ሥር ሸጎጠ፤
ሰውየውን ሳያይ በብሩሹ ባሕሩን ቆረጠ።
«አንተ ያየኸው ከዳር ነው» አለው።
«እኔ ያየሁት ከሥር።»

እኔን ግን «ባንቺ ቋንቋ» ብሎ በጨዋ ደንብ ጠየቀ፣
«የውኃ ቀለም ምን ይባላል?»
«ውኃ ሰማያዊ» አልኩት። ሳሉ እስኪያንቀው ሳቀ።
«ደግ ነው ውኃችሁ!»
ጣሳ ከፈተ፤ የጠርሙስ አረንጓዴ ከምድጃ አመድ ጋር
በጠበጠ፤ ጠብታ የሞተር ዘይት ጨመረ፤ «ይኸውልሽ ባሕር።»
አሸተትኩት። ጋዝ ጋዝ፣ ዝገት ዝገት ይላል።

ጀልባው ላይ ስድስት ሰዎች አሉ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ያሉ፤
አምስቱ ብርቱካን ለብሰው ገመድ ይስባሉ።
ስድስተኛው ፊት የለውም። እዚያ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ
እጁ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ሌላ ማዕበል ይደርባል።
አርንፊን ነው፣ ታናሽ ወንድሙ። የነገረችኝ ጎረቤቱ ናት፤ እሱ አይደለም።
አብረው ወደቁ፤ አንዱን መረብ ያዘው፣ አንዱን ምንም አልያዘውም።

በር የሌለው ቁም ሳጥን ማዶ ቆሟል፤
ውስጡ አንድ ግራጫ ካፖርት፣ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ተሰቅሏል።
በሩ ቁልፍ የለውም፤ ካፖርቱ አራት አለው።
የቁልፉን ቀዳዳ ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ጥቁር መሃል፣
ሃያ ዓመት ቀለም አላስነካውም።
«ምንድን ነው?» ስለው፣
«የወደብ ፋና» ይላል።

ፀሐይ በማትወጣበት ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ፣
«ያዥልኝ» አለኝ። በሩን ለሁለት ተሸክመን ወደ ቦታው መለስነው።
ይከብዳል። ባሕር ነው፣ ይከብዳል እንጂ ምን ይሁን።
ማጠፊያው ገባ፤ በሩ ግን አልገጥም አለ፣ ወፍሯል፤
በጎኑ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ።
ከካፖርቱ አጠገብ አምፖል አበራ፤ የክፍሉን መብራት አጠፋ፤
ዝም አልን። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮ ይገለብጣል።
በቁልፉ ቀዳዳ የሾለከ ብርሃን፣ ሳንቲም ታህል፣
ማዕበሉን ሁሉ ትታ
መጥታ ጉንጩ ላይ ተለጠፈች።
አልጠረጋትም።

በአገሬ «የባሕር በር» ሲሉ ወደብ ነው፣ የጋዜጣ ወሬ፤
መርከብ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ካርታ ላይ የሚሰመር መስመር።
ይህንን ለኦድሙንድ አልተረጎምኩለትም።
ምን ብዬ? እሱ ያለው በር ብቻ ነው፤
ያውም የማይዘጋ።

በሳምንቱ ስሄድ በሩ እንደገና ተነቅሏል፤
ብሩሹን በነጭ ጋዝ እያጠበ ያፏጫል።
ጎንበስ ብዬ ስድስተኛውን ሰው ፈለግኩ፤
ፊቱን ሣለለት እንዴ ብዬ።
እርጥብ ነበር፤ ጣቴን አቆሸሸኝ፤
አዲስ ማዕበል።